ሰው ሲኖር አይርበኝም

ሐይቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው፣ በስዊድን አገር ላለኸው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እኔም እንደምታውቀው ሐይቁ ዳር አሳዬን እየጠበስኩ ነው። እናትህ፣ አክስቴ ለተብርሃን፣ ባለፈው ሳምንት ከአምባሰል ለገበያ ወርዳ እኔ ዘንድ አድራ ሄደች። ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም። የላክህላትን ፎቶ ከመቀነቷ እያወጣች ላገኘችው ሰው ሁሉ ታሳያለች። «ልጄ ሠላሳ ኪሎ ጣለ» ትላለች። ልጄ ከሳልኝ ብላ የምትኩራራ እናት በወሎ ምድር እሷን ብቻ አየሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ስልኩ ልጄ ሳጂዳ እጅ ነው። ስትደውል ድምፁን ከፍ ታደርገውና ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ ሰላም ይልሃል። የኔ ነገር ደግሞ በጎረቤት ፊት የሚወራ አይደለም። ይህን ወረቀት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ ይዞልኝ ሄዶ እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባዋል።

ዝኑ፣ ስኳር ይዞኛል። ደሴ ድረስ ሄጄ ነው የተነገረኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ቃሉን አላለሳለሰልኝም። «እናቴ፣ በዚህ ክብደት በዚህ አበላል ከቀጠልሽ መጀመሪያ የሚሄደው እግርሽ ነው» አለኝ። ነፍሷን ይማርና እናቴ እግሯን ተቆርጣ አራት ዓመት በር ላይ ተቀምጣ እንደሞተች ታስታውሳለህ። እኔ ቆሜ ሠርቼ የማድር ሴት ነኝ። እግሬ ከሄደ ሥራዬም፣ ቤቴም፣ ሳቄም አብሮ ይሄዳል።

መድኃኒቱን እውጣለሁ። አፌን መዝጋት ነው ያቃተኝ። ሰው ሲኖር አይርበኝም፤ ወላሂ እውነቴን ነው። ሳጎርስ እውላለሁ፣ ለራሴ ሁለት ጉርሻ ይበቃኛል። ሰዉም «መሪማ እኮ አትበላም፣ ውፍረቷ የተፈጥሮ ነው» ይላል። ደንበኛው ሁሉ ሄዶ፣ ሳጂዳም ወደ ቤቷ ገብታ፣ በሩን ስዘጋ ነው ሌላ ሰው የምሆነው። የተረፈውን አሳ፣ የዳቦውን ቁራጭ፣ የነገውን ዳቦ ቆሜ እበላለሁ። ትናንት ስድስት ዳቦ በላሁ። ሆዴ በቃኝ ሲል እጄ አልሰማም ይላል። ከዚያ አለቅሳለሁ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ ወጥቼ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ።

አንተም ልጅ ሳለህ ሆድህ አመለኛ እንደነበር አውቃለሁ። የሠርግ ድንኳን ኋላ ተደብቀህ ስትበላ ያገኘሁህ እኔ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩብህም። አሁን በተራህ ርዳኝ። ብር አልጠየቅሁህም። ሠላሳ ኪሎ የጣልክበትን ዘዴ ጻፍልኝ።

እህትህ መሪማ


ጎተንበርግ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ መሪማ፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ እግዚአብሔር ጤናሽን ይመልስልሽ። ደብዳቤሽ በአርባ ሰባተኛው ቀኑ፣ በገና ዕለት እጄ ገባ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የነገርሽኝ ነገር ከእኔ አያልፍም።

አንቺን የያዘሽ ነገር እዚህ አገር እንደ በሽታ ይታከማል። ሆዳምነት ብለው አይሳደቡም። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ሆነን ክብ ሠርተን እንቀመጥና አንዲት ነርስ ትመራናለች። መጀመሪያ ስድሳ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠችን። ጥያቄው ስለ ምግብ አልነበረም። ብቻህን ስትሆን ምን ይሰማሃል፣ ቀጠሮ ሲዛነፍብህ ትናደዳለህ ወይ፣ የሰው ፊት ያስደስትሃል ወይስ ያደክምሃል የሚል ነው። በሽታው አንድ ቢሆንም የሚድነው ሰው እንደየጠባዩ ነው ትላለች። እኔን ሥርዓት ወዳድ፣ ዝምተኛ፣ ስሕተቱን የማይረሳ ብላ መደበችኝ፤ ያንተ ዓይነቱን ሰው ሕግ ያቆመዋል አለችኝ።

ስለዚህ ሕጌ ይኸውልሽ። የምበላው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ተቀምጬ። ከመብላቴ በፊት ምግቤን እመዝናለሁ። የመዘንኩትን በደብተር እጽፋለሁ። ያልተጻፈ ነገር አፌ አይገባም። በየሳምንቱ እሑድ ራሴን እመዝናለሁ። ለማንም አልናገርም፤ አንቺም አትናገሪ። ሰው ወይ ያባብልሻል ወይ ይስቅብሻል፣ ሁለቱም ወደ ድስቱ ይመልስሻል።

ለጥምቀት ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ የኩሽና ሚዛንና ጠንካራ ደብተር ልኬልሻለሁ። ሕጉን ሳታዛንፊ ጠብቂ። እናቴን ስታገኚያት ደህና ነው በዪልኝ።

ወንድምሽ ዝናው


ሐይቅ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው፤

እንደምን ከረምክ? ሰላምታዬ ከእናትህ ምርቃት ጋር ይድረስህ። እሷ ስትመርቅ አጠገቧ ነበርኩና ግማሹ ለእኔም ሳይተርፈኝ አልቀረም።

ሚዛኑ ደረሰ። ሳጂዳ ምንድነው ስትለኝ ለአሳው ነው አልኳት። ውሸት እንዲህ ነው የሚጀመረው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ ቅቤውንና በርበሬውን ይዞ ሊያስመዝን መጣ። አንዷ የባሏን ጫማ መዘነች፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የእኔን እንጀራ ለመመዘን ሰው እስኪወጣልኝ እየጠበቅሁ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሆኖም እንዳልከው አደረግሁ። ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ተቀምጬ፣ ለብቻዬ። እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ድረስ ደብተርህ ላይ እንደ ተማሪ ጻፍኩ። ሰው ሲያጎርሰኝ ሆዴን አመመኝ እያልኩ እምቢ አልኩ። የማውቃቸው ሰዎች መሪማ ምን ነካት ማለት ጀመሩ። ሳህኔን ይዤ ጓዳ ስገባ ቤቱ ከበደኝ። አንተ ብቻህን ስትበላ ትረጋጋ ይሆናል፤ እኔን ግን ግድግዳው ነው የሚያስርበኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰው ሞተ። የለቅሶ ማኅበራችን የቅሬው አባል ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ የለቅሶ ምግብ ስንሠራ ዋልን። እዚያ አልነካሁም፤ ሃያ ሴት ነበርና አልራበኝም። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ያ ሁሉ አሥራ አንድ ቀን አንድ ላይ መጣ። ምን ያህል እንደበላሁ አልነግርህም። ደብተሩን ገልጬ ለማየት አፈርኩና አልጋ ሥር ወረወርኩት። ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ እበላለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ያቺ ነርስ ሰው የሚድነው እንደየጠባዩ ነው ካለች፣ እንደ እኔ ያለው ሰው በምን እንደሚድን ጠይቅልኝ። የሰው ፊት የሚያጠግባት፣ ብቻዋን ስትሆን የሚርባት ሴት ናት በላት። መጠይቁን እኔው መሙላት አይቻለኝም፣ አንተ ታውቀኛለህ፣ ሙላልኝ።

መልስህ እስኪመጣ ድረስ ረመዳን ደርሷልና እሱን ልሞክር። ጾም ሕግ ነው፣ ሕግ ደግሞ ያድናል ብለሃል። ሐኪሙ ስኳር ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይጹም ብሎኝ ነበር። ያን ለሰው ካልኩ ግን ለምን እንደማልጾም ልናገር ነው። አትናገሪ አላልከኝም?

እህትህ መሪማ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ መሪማ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለኢድ እንኳን አደረሰሽ፤ እኛም ፋሲካችንን ትናንት አሳለፍን።

ነርሷን ጠየቅኋት። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው ብላለች። ጠባዬ ነው ማለት ሰበብ እንዳይሆንብሽ። አሥራ አንድ ቀን የቻለ ሰው መቶ ቀን ይችላል። ደብተሩን ከአልጋው ሥር አውጪና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

እናቴ ሌላ ፎቶ ላክልኝ እያለች በሰው በሰው ታስነግርብኛለች። ጊዜ የለኝም በያት። ለመስከረም የግሸን ማርያም ንግሥ መጥቼ አብሬያት እንድወጣም ተስላለች አሉኝ። ዘንድሮ አይሆንልኝም፣ ይህንንም አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል።

ዝናው


ሐይቅ፣ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ለእናትህ ነግሬያታለሁ። ነጠላዋን አስተካከለችና የጎመን ዘር ታስቀምጪልኛለሽ ወይ አለችኝ። እኔ ሁለተኛ እንዲህ ያለ መልእክት አላደርስም።

ነርሷ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው ካለች ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ደብተሩን አላወጣሁትም፣ ጾሙን ግን ያዝኩት። ረመዳንን ጾምኩ፣ ከዚያ ስድስቱን የሸዋል ቀናት፣ ከዚያ ሰኞና ሐሙስን። አሁን ደግሞ የክርስቲያኖቹ የሰኔ ጾም ገብቶ ጎረቤቶቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆዩ እኔም ስለ ወዳጅነት ብዬ አብሬ እቆያለሁ። የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም ለብቻዬ ወሰድኩት። ሸሁም ቄሱም እንዳይሰሙ አደራ።

ሰው ያደንቀኛል። የቅሬያችን የሴቶች አለቃ አሚናት በሰው ፊት «ከመሪማ ተማሩ» አለች። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩበት ቀን እሱ ነው። ምክንያቱም ዝኑ፣ ቀኑን ሙሉ የጾምኩትን ሲመሽ በሩን ዘግቼ በእጥፍ እመልሰዋለሁ። ጾሙ ለሆዴ ልጓም አልሆነም፣ መደበቂያ ነው የሆነው። ጾመኛን ማን ይጠረጥራል?

የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል አለች። ጫማ ልጦኝ ነው መሰለኝ። ሰፋ ያለ ጫማ ካገኘህ ላክልኝ፤ ቁጥሬ አርባ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መሪማ


ሐይቅ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናው፤

እንደምን አለህ? ጫማው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ውስጡን ሁለት ጊዜ በእጄ ፈተሽኩት፣ ደብዳቤ አልነበረውም። ታመህ ከሆነ ንገረኝ። ተናድደህብኝ ከሆነም ንገረኝ።

እኔ ወድቄ ነበር። ሐሙስ ቀን ጾሜን ሆኜ ከአሳ አስጋሪዎቹ ዘንድ ቅርጫቴን ተሸክሜ ስመለስ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አሚናት ቤት ነኝ፣ አፌ ውስጥ ስኳር አለ። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ጣቴን በመርፌ ወግታ ለካችና «ስኳር እንዳለባቸው አታውቁም እንዴ?» አለቻቸው። ከዚያ ካልሲዬን አወለቀች። ትንሿ ጣቴ ጠቁራ ነበር፣ ጎረቤቷም ቀልታለች። ሽታውን ሁሉም ሰሙት።

አሚናት ሌሎቹን አስወጣችና «የታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት ስታውቂ ለምን ጾምሽ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር ዝኑ። ለመዋሸት ጉልበት ያስፈልጋል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳቦውን፣ በሩን፣ ቆሞ መብላቱን፣ ሚዛንህን፣ ደብተርህን። ስሜን ከጾመኛ ወደ ሆዳም ስታወርደው እያየሁ ነበር የማወራው።

አልሳቀችም፣ አላባበለችኝም። እንዲህ አለችኝ፤ «ስትሞቺ ሦስት ቀን ልንቀመጥልሽ ነው። በቁምሽ ብንቀመጥልሽ ምን ይለናል?»

በማግስቱ ከቅሬያችን ስድስት ሴቶች ሰበሰበችና እኔው ራሴ እንድነግራቸው አደረገች። እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩ አላውቅም። አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ እኔም እንዲሁ ነኝ አለች፣ አንዷ እስካሁን ፊት ነስታኛለች። ከዚያ ልክ ለለቅሶ ተራ እንደሚያወጡት ተራ አወጡ። ሱቄን ስዘጋ አንዷ ትመጣለች። የተረፈውን አሳና ዳቦ ሰብስባ ለጎረቤት ትሰጣለች። ከዚያ አንድ ሳህን ቀርቦ ሁለታችን እንበላለን፣ እያወራን፣ እስከ ኢሻ፣ እስከ ማታው ሶላት ድረስ። ሚዛን የለም፣ ደብተር የለም። ሕጌ አንድ ነው፤ ብቻዬን አልበላም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ስለ ንፉግ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። የኔ የመድኃኒት ማዘዣ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። አልዋሽህም፣ ያሰለቻል። አንዳንዷ ስትመጣ ወሬዋ ራስ ያዞራል። በር ሲዘጋ የሚመጣው ያ የለመድኩት ሰላም ይናፍቀኛል፣ ሰላም ከተባለ። ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀምጬ በልቼ ተነስቻለሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

ጣቶቹን ሊያዩልኝ ሰኞ ደሴ እሄዳለሁ። እስካሁን ተዘግቶ የቆየው መንገድ ከተከፈተ። ዱዓ አድርግልኝ፤ በእናንተ ቤትም እንደምትሉት ሻማ አብራልኝ። አሁን ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዝም አትበለኝ።

እህትህ መሪማ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ መሪማ፤

ሰላምታ አልጀምርም፣ ይቅርታሽን ልጠይቅና ልጀምር።

ነርሷን አልጠየቅኋትም። ልጠይቃትም አልችልም ነበር፤ ወደዚያ ክብ መሄድ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እናቴ መቀነቷ ውስጥ የያዘችው ፎቶም ያኔ የተነሣሁት ነው። የጣልኩት ሠላሳ ኪሎ ሁሉም ተመልሷል፣ ትርፍም ይዞ መጥቷል። ለዚህ ነው ፎቶ የማልልከው። ግሸንንም የምሸሸው ለዚህ ነው፤ ያን ዳገት መውጣት ቀርቶ ከአውቶቡሱ ስወርድ እናቴ እንድታየኝ አልፈልግም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባችን ልደት ነበርና አንድ ቁራጭ ኬክ ሳልመዝን በላሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገ ይቀጥላል። እኔ ደብተሩ ላይ ያቺን ያልተጻፈች መስመር ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ የውሸት ምሳ ጻፍኩባት። ውሸቱን ከጻፍኩ በኋላ ደብተሩ የኔ አልሆነም። ያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ቀሪውን ኬክ በሙሉ በላሁ። እስከ ዛሬ የምበላው እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ደብተሩን እስከ ዛሬ እጽፋለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ አንድም እውነት የለበትም።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ነርሷ ያለችኝን ሙሉውን አልጻፍኩልሽም። «ያንተ ዓይነቱን ሰው ሕግ ያቆመዋል፤ የሚሰብረውም ያው ሕግ ነው» ነበር ያለችኝ። አጠገቤ አንዲት ሴት ነበረች፣ የምትስቅ፣ አንቺን የምትመስል። ነርሷ ለእሷ ሚዛን አልሰጠቻትም። አንቺ ከሰው ጋር ብዪ፣ ብቻሽን መሆን ነው የሚያስርብሽ ብላት ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያቺን ሴት ነበር ያስታወስኩት። እያወቅሁ የራሴን ሕግ ጻፍኩልሽ። እኔ የወደቅሁበት ሕግ አንቺን ካዳነ ሕጉ ልክ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነበር ማለት ነው ብዬ። ከዚያም በላይ ግን እትዬ፣ በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ እኔ አሁንም ቀጭን ነበርኩ። ያንን ማጣት አልፈለግሁም።

የነሐሴው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጣቴ ጠቁሯል የሚለውን አነበብኩና ወደ መኪናው ሄድኩ። ሌላ የማውቀው መሄጃ የለኝም።

ጣቶችሽ እንዴት ሆኑ? ብትረግሚኝም ጻፊልኝ።

ዝናው


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናው ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ደሴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ ሳጂዳ አምጥታልኝ። መጀመሪያ በመድኃኒት ሞክረው ነበር፣ አልሆነም፤ ሁለት ጣት ቆርጠውልኛል። ሁለተኛዋም የማትድን ናት አሉ። እግሬ ግን አለ። ሐኪሙ ስኳሬን አይቶ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ምን አድርገሽ ነው አለኝ፤ ከሰው ጋር እራት በላሁ አልኩት። ሳቀ። ግን ጻፈው። በዚሁ ከቀጠልሽ እግርሽ ይተርፋል ብሎኛል።

ተቀይሜሃለሁ። ይህን ሳልነግርህ ሌላ ነገር ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ጣቶቹን አልቆጥርብህም፣ እነሱ የራሴ ጾም ውጤት ናቸው፣ በሐኪም ተነግሮኝ ነበርና። የምቆጥርብህ እነዚያን ወራት ነው። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው ብለህ ከጻፍክልኝ ቀን ጀምሮ ራሴን እንደ እንስሳ ነው ያየሁት። ሰው ሁሉ የሚችለውን ያልቻለች ብዬ። የምትስቀውን ሴት አስታውሰህ ዝም አልክ። የሚበቃኝ አንድ መስመር ነበር፣ ከመስመርም ግማሽ።

ሦስት ሳምንት መልስ ሳልሰጥህ የቆየሁት ለዚህ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ግን ደክሞኛል። በቂም ላይ የሚወጣውን ጉልበት ለእግሬ እፈልገዋለሁ።

እናትህ ልትጠይቀኝ መጥታ ደብዳቤው ከትራሴ ሥር ሲወጣ አየችው። ምን አለ ልጄ አለችኝ። ደክሞታል አልኳት። ያ ውሸት አይደለም። የቀረውን የምትነግራት አንተ ነህ፤ መልእክት አላደርስም ብዬሃለሁ።

አንተን የኔ ሕግ አያድንህም። አልጋ ላይ ሆኜ ብዙ አስቤበታለሁ። አሚናት ማታ ማታ መጥታ ፊትህ ብትቀመጥ በሦስተኛው ቀን ከአገር ትጠፋለህ። አንተ የደብተር ሰው ነህ፣ መጻፉን አትተው። ደብተርህ የጎደለው አንባቢ ነው። ለራስህ ብቻ ስትጽፍ ራስህን ለማስደሰት ትዋሻለህ። ስለዚህ ለእኔ ጻፍ። ከሰኞ እስከ ሰኞ የበላኸውን ሁሉ፣ ሳትመዝን፣ ሳታርም፣ የመኪናውንም ጨምረህ። አልመክርህም፣ አልገስጽህም፣ ለማንም አላነብም። አንብቤ ደርሶኛል እልሃለሁ፣ በቃ።

እንዳታፍር እኔ ልጀምርልህ። የባለፈው ሳምንት ይኸው። ሰኞ ጠዋት አንድ እንጀራ በሽሮ ከሳጂዳ ጋር፣ ቀን ላይ አሳ፣ ማታ ምስር ከአሚናት ጋር። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ተረኛዋ ልጇ ታሞ ቀረች፣ አሚናትም ለቅሶ ሄዳለች። በሩን ዘጋሁት። አራት ዳቦ በላሁ፣ ቆሜ፣ በዚህ ጣቶቹ በተቆረጡ እግሬ ላይ። አምስተኛውን አነሳሁ፣ አልነከስኩትም። በሩን ከፍቼ ዳቦውን እንደያዝኩ እያነከስኩ አሚናት ቤት ሄድኩ። አልተመለሰችም ነበር፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። መጥታ አየችኝ። ስንት በላሽ አለችኝ፣ አራት አልኳት። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና ዳቦውን ከእጄ ወስዳ ለሁለት ቆረሰችው፤ ግማሹን ሰጠችኝ፣ ግማሹን እሷ በላች።

የኔ ረቡዕ ይኸው ነው። አሁን ያንተን ረቡዕ ጻፍልኝ።

እህትህ መሪማ